«ኒገስ» የእኛው ንጉሥ ነው ወይ? የእንግሊዝኛ ቃል ምንጭ እንዴት ይታወቃል?

ሻርሎት ብሮንቴ በ1847 ባሳተመችው «ጄን ኤር» ውስጥ ወጣቷ አስተማሪ በጥቅምት ብርድ ቀኑን ሙሉ በሠረገላ ስትናጥ ውላ ማታ አዲሱ የሥራ ቦታዋ ትደርሳለች። የቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ፌርፋክስ የልጅቷ እጅ በብርድ መደንዘዙን ስታይ ለሠራተኛዋ የጓዳውን ቁልፍ ሰጥታ፣ ትኩስ ኒገስ እንድታዘጋጅና አንድ ሁለት ሳንድዊች እንድትቆርጥ ታዛለች። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሳንድዊቹን ሁላችንም እናውቀዋለን። ኒገስ ግን ዛሬ እንግሊዞቹ ራሳቸው የረሱት መጠጥ ነው፤ ወይን ጠጅ በሙቅ ውኃ ተበርዞ፣ ስኳርና ሎሚ ገብቶበት፣ ገውዝ ተፈቅፍቆበት የሚጠጣ። ወይዘሮ ቢተን በ1861 ባወጣችው ዝነኛ የቤት አያያዝ መጽሐፍ ኒገስ በብዛት የሚጠጣው በልጆች ግብዣ ላይ እንደሆነ ጽፋለች። የዘመኑን የልጅ አስተዳደግ ለእናንተ ልተወውና ወደ ስሙ ልሂድ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ የመጠጡ ስምና የእኛ «ንጉሥ» በአንዲት ፊደል እንኳ አይለያዩም። አማርኛ ተናጋሪ ይህን አይቶ ዝም ብሎ ያልፋል ማለት ዘበት ነው።

ጥርጣሬው መሠረት የለሽም አይደለም። ማዕረጉ እንግሊዝ አገር የታወቀ ነበር። ጆን ሚልተን በ1667 ባሳተመው፣ አዳምና ሔዋን ከገነት ስለመውጣታቸው በሚተርከው ረጅም ግጥም ላይ፣ የንጉሡን ግዛትና የሕርጊጎን ወደብ ስማቸውን ጠርቶ ያልፋል። በ1755 ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያወጣው ሳሙኤል ጆንሰንም ብትሉ፣ የመጀመሪያ መጽሐፉ ኢየሱሳዊው ፖርቱጋላዊ ጀሮኒሞ ሎቦ ስለ አቢሲኒያ የጻፈው የጉዞ ታሪክ ትርጉም ነው፤ በ1735 የወጣ። በ1759 ደግሞ «ራሴላስ» የተባለ የአቢሲኒያ ልዑል ታሪክ ጻፈ። አገራችንን በመጽሐፍ የሚያውቁ ሰዎች እንዲህ ካሉ፣ ሰውነት የሚያሞቅ መጠጥ በንጉሥ ስም ቢጠራ ምን ያስደንቃል?

ግን አልተጠራም። መጠጡ ስሙን ያገኘው በ1732 ከሞተው ከኮሎኔል ፍራንሲስ ኒገስ ነው። ሰውየው የኢፕስዊች ከተማ የፓርላማ ተወካይና ቤተ መንግሥት የሚገባ የሚወጣ ሰው ነበር፤ ኒገስ የሚለውም በምሥራቅ እንግሊዝ ያለ የቤተሰብ ስም ነው። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሁለቱን ለየብቻ ይመዘግባቸዋል፤ አንደኛው ከእኛ ዘንድ የሄደው ማዕረግ፣ ሁለተኛው የኮሎኔሉ መጠጥ። መመሳሰላቸው የአጋጣሚ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህን በምን ያውቃሉ የሚለው ነው። በመመሳሰል ከሆነ የእኛም ግምት ከነሱ አያንስም።

መልሱ ቁራጭ ወረቀት ላይ ነው። በ1857 የለንደን የሥነ ልሳን ማኅበር የነበሩት መዝገበ ቃላት በሙሉ ጎደሎ ናቸው ብሎ ተነሣ። አዲሱ መዝገበ ቃላት፣ ኋላ የኦክስፎርድ የተባለው፣ አንድን ቃል ሊቃውንት እንዲህ ነው ስላሉ ብቻ አይቀበልም፤ ቃሉ ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ በየዘመኑ የተጻፈበትን ዓረፍተ ነገር ከነዓመቱ ይደረድራል። ለዚህ ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሁሉ ማንበብ ያስፈልጋል። ሥራው በ1879 ለጄምስ መሬይ ሲሰጥ፣ ሰውየው ያደረገው ለሕዝብ ጥሪ ማስተላለፍ ነው፤ የቻለ ሁሉ አሮጌ መጽሐፍ ያንብብ፣ እንግዳ ወይም ያረጀ ወይም ባልተለመደ መንገድ የገባ ቃል ሲያገኝ ይገልብጥና ይላክልን አለ።

አንዱን ወረቀት ቀረብ ብለን እንየው። ከደብዳቤ ወረቀት እኩሌታ የማይበልጥ ቁራጭ ነው። ላይኛው ግራ ጥግ ቃሉ ይጻፋል። ከሥሩ ዓመቱ፣ ጸሐፊው፣ መጽሐፉና ገጹ። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ ይገለበጣል። ለምሳሌ የሳንድዊችን ወረቀት ብናወጣ፣ ጥንታዊው ማስረጃ የታሪክ ጸሐፊው ኤድዋርድ ጊበን ኅዳር 24 ቀን 1762 በዕለት ማስታወሻው ላይ ያሰፈረው ነው፤ ለንደን ውስጥ አንድ ክበብ ገብቶ የአገሩ ታላላቅ ሰዎች ቀዝቃዛ ሥጋ ወይም ሳንድዊች ሲበሉ አየ። ስሙ የሳንድዊች ግዛት አራተኛው መስፍን የጆን ሞንታጉ መሆኑ አያከራክርም። ታዲያ ሰውየው ለምን በዳቦ መካከል ሥጋ ያስገባል? ቁማር ላይ ስለነበረና ከጠረጴዛው መነሣት ስላልፈለገ ነው የሚለውን ሁሉም ሰው ያወራዋል። ያንን የጻፈው ግን በ1765 ለንደንን የጎበኘ ግሮስሊ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ የከተማ ወሬ ሰምቶ። የመስፍኑን የሕይወት ታሪክ ያጠኑት ኤን.ኤ.ኤም. ሮጀር ሰውየው የመንግሥት ሥራ የበዛበት ስለነበር ሳንድዊቹን የሚበላው የሥራ ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። የቃሉ ምንጭ ሲረጋገጥ ተረቱ አብሮ አይረጋገጥም ማለት ነው። እነዚህን ሁለቱን መለየት የዚህ ሙያ ግማሹ ነው ብል አላጋነንኩም።

ወረቀቶቹ በቶን ተቆለሉ። መሬይ ሥራውን ሲረከብ ከሱ በፊት ተሰብስቦ የመጣለት ክምር ሁለት ቶን ያህል ይመዝን ነበር፣ ሁኔታው ግን ያሳዝናል። አንዱ ጆንያ ሲፈታ የሞተ አይጥ ወጣ፤ ሌላው ውስጥ ሕያው አይጥ ከነልጆቿ ቤት ሠርታለች። የኤች ፊደል ወረቀቶች ጣልያን አገር ፍሎረንስ ተገኙ። በ«ፓ» የሚጀምሩት አየርላንድ ውስጥ አንድ ጋጣ ከርመው እሳት ማያያዣ ሆነዋል፤ የተረፈው ተለቅሞ መጣ። መሬይ ግቢው ውስጥ በቆርቆሮ በሠራው ቤት፣ ግድግዳው ሁሉ ኪስ ኪስ መደርደሪያ በሆነበት፣ ወረቀቱን በፊደልና በዓመት ያስደረድራል፤ ገና ትንንሽ ልጆቹም ለኪስ ገንዘብ ሲሉ ይደረድራሉ። ከላኪዎቹ ሁሉ የተደነቀው ዊልያም ማይነር ነው። በ1872 ለንደን ውስጥ ሰው ገድሎ ብሮድሙር በሚባለው የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ የተዘጋበት አሜሪካዊ የጦር ሐኪም። እሱ ያገኘውን ዝም ብሎ አይልክም። መጽሐፎቹን አንብቦ የየቃሉን ገጽ ለራሱ ይመዘግብና፣ አሁን የትኛው ቃል ላይ ናችሁ ብሎ ይጠይቃል፤ የሚፈለገውን መዞ ይልካል። ይህን ሁሉ አድርገውም «ቦንድሜድ» የሚል፣ ሴት ባሪያ ማለት የሆነ አሮጌ ቃል ወረቀቱ ጠፍቶ የ«ቢ» ክፍል ያለ እሱ ታተመ። የገባው በ1933 ተጨማሪ ጥራዝ ነው። መሬይ በ1915 ሲሞት ሥራው አላለቀም ነበር፤ ያለቀው በ1928 ነው።

ድርደራው ምን ይጠቅማል? ማድቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሽርጥ ውሰዱ። እንግሊዝኛው ኤፕሮን ነው። ወረቀቶቹን በዓመት ወደ ኋላ ስትቆጥሩ በ15ኛው መቶ ዘመን አካባቢ አንድ ጉድ ታያላችሁ፤ ከዚያ በፊት ቃሉ መጀመሪያው ላይ «ን» አለው፣ ናፕሮን ነው የሚለው። ኤኑን ማን በላው? እንግሊዝኛ ከስም በፊት «አንድ» ለማለት የምታስገባት ትንሽ ቃል አለች፤ ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅ አናባቢ ከሆነ «አን»፣ ካልሆነ «አ» ትሆናለች። «አ ናፕሮን» ፈጠን ተብሎ ሲነገር የሚሰማ ሰው የት ላይ እንደሚቆርጠው በጆሮው አይለይም። ትውልድ ከትውልድ «አን አፕሮን» ብሎ ቆረጠው፤ ቀረ። ያ ናፕሮን ደግሞ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ «ናፕ» የጠረጴዛ ልብስ ሲሆን የሱም እናት የላቲን «ማፓ» ናት። ከማፓ እንግሊዝኛ ውስጥ ናፕኪንም ወጥቷል፣ ካርታ ማለት የሆነው «ማፕ»ም ወጥቷል። ሽርጥ፣ የአፍ መጥረጊያና ካርታ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን በመመሳሰል ማን ይገምታል? የስፖርት ዳኛ የሚባለው «አምፓየር»ም እንዲሁ «ን» የጠፋበት ነው፤ ጥንት «ኑምፐር» ነበር፣ እኩያ የሌለው፣ ከሁለቱ ወገን ያልሆነ ሦስተኛ ማለት። በተቃራኒው «ኒክኔም»፣ የቅጽል ስም፣ የሌላውን «ን» ነጥቆ የራሱ ያደረገ ነው፤ «አን ኤክኔም»፣ ተጨማሪ ስም፣ የነበረው።

ወረቀት ግን ሊዋሽም ይችላል። በ1934 አሜሪካ ውስጥ በታተመው ትልቁ የዌብስተር መዝገበ ቃላት «ዶርድ» የሚል ቃል ይገኛል። ትርጉሙ በፊዚክስና በኬሚስትሪ የቁስ እፍጋት ይላል። የመዝገቡ የኬሚስትሪ አዘጋጅ ኦስቲን ፓተርሰን በ1931 የላከው ወረቀት የምኅጻረ ቃል ማስታወሻ ነበር፤ ትልቁ «ዲ» ወይም ትንሹ «ዲ» እፍጋትን ይወክላል የሚል። «ወይም» በእንግሊዝኛ «ኦር» ነው። ወረቀቱ ከምኅጻረ ቃል ክምር ወጥቶ ከቃላት ክምር ገባ። የቢሮው ልማድ ደግሞ ዋናውን ቃል ፊደሎቹን እያራራቁ መተየብ ነበር፤ ስለዚህ «ዲ ኦር ዲ» የሚለውን ያየ ሰው ክፍተቱ የአተያየብ ነው ብሎ አራቱን ፊደል ገጠማቸው። አራሚም አለፈው፣ ማተሚያ ቤትም አለፈው። በየካቲት 1939 አንድ አዘጋጅ ገጹን ሲመለከት ከቃሉ አጠገብ የምንጭ ማብራሪያ የለም። ከላቲን አይል፣ ከግሪክ አይል። ፋይሉ ተፈለገ፣ የፓተርሰን ወረቀት ወጣ፣ ዶርድም ከሚቀጥሉት ኅትመቶች ተሰረዘ። ትውልዱ ያልተጻፈለት በመሆኑ ነው የተያዘው።

ዶርድን ወላጅ ማጣቱ ካጋለጠው፣ «ሴሬንዲፒቲ» ደግሞ የልደት ቀኑ ሳይቀር ይታወቃል። ሳትፈልገው መልካም ነገር ላይ መውደቅ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ሆራስ ዎልፖል ጥር 28 ቀን 1754 ፍሎረንስ ለሚኖር ወዳጁ ለሆራስ ማን በጻፈው ደብዳቤ ቃሉን ራሱ እንደፈጠረው ይናገራል። ሴሬንዲፕ የዛሬዋ ስሪላንካ የጥንት ስም ነው፤ ዓረቦች ሰረንዲብ ይሏታል። ከፋርስ ተነሥቶ በ1557 ቬኒስ ውስጥ በጣልያንኛ የታተመ ተረት አለ፤ ሦስት የሴሬንዲፕ መሳፍንት መንገድ ላይ ያላዩትን ግመል አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ አንድ ጥርሱ የወለቀ፣ አንድ እግሩ የሚያነክስ ነው ብለው ይናገራሉ። ሣሩ የተበላው በአንድ በኩል ብቻ ነበር፣ ያውም ሣሩ በሳሳበት በኩል። የታኘከ ሣር በጥርስ ልክ እየተቆረሰ ወድቋል። ከአራቱ ዱካ አንዱ የተጎተተ ነው። ዎልፖል ተረቱን የቂል ተረት ይለዋል፤ ግመሉንም በቅሎ አድርጎታል። ለእኔ ግን መሳፍንቱ ያደረጉት ዕድል አይደለም። ዱካ ነው ያነበቡት፣ ልክ እንደ መሬይ ሰዎች። ቃሉ ከዋናው ተረት ጋር ያለው ዝምድና ላላ ማለቱን ዎልፖል አላስተዋለም።

አንዳንድ ቃል ደግሞ ላቦራቶሪ ውስጥ ይወለዳል። ደረቅ መሬት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያርፍ የሚነሣውን ሽታ ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች፣ ኢዛቤል ጆይ ቤርና ሪቻርድ ቶማስ፣ በ1964 «ኔቸር» መጽሔት ላይ «ፔትሪኮር» ብለው ሰየሙት። «ፔትራ» በግሪክ ድንጋይ ነው፣ «ኢኮር» ደግሞ በግሪክ አፈ ታሪክ በአማልክት ሥር የሚፈሰው ፈሳሽ። በበጋ ከዕፀዋት ወጥቶ ድንጋይና አፈር የሚመጠው ዘይት ዝናብ ሲነካው ይለቀቃል አሉ።

ደስ የሚል ታሪክ ያለው ቃል ሲያጋጥማችሁ ግን ጠርጠር አድርጉ፤ በተለይ ቃሉ የሌሎች ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ጥርቅም ነው ከተባለ። ቅንጡ ማለት የሆነው «ፖሽ» ወደ ህንድ በመርከብ የሚሄዱ ሀብታሞች ፀሐይ ሽሽት ሲሄዱ በግራ፣ ሲመለሱ በቀኝ በኩል ያለ ክፍል ይይዙ ስለነበር ትኬታቸው ላይ በአራት ፊደል ከታተመ ምልክት መጣ ይባላል። እንዲህ ያለ ትኬት አንድም አልተገኘም፤ ተረቱም በጽሑፍ የታየው ቃሉ ከታየ ከዓመታት በኋላ ነው።

ታማኝ መዝገበ ቃላት የሚታወቀው በሚተወው ባዶ ቦታም ነው። ውሻ በእንግሊዝኛ «ዶግ» ነው፤ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ቃል። የጥንት እንግሊዞች ግን ውሻን «ሁንድ» ነበር የሚሉት፣ ጀርመኖች ዛሬም እንደሚሉት። በ11ኛው መቶ ዘመን አካባቢ «ዶጋ» የሚል ቃል ብቅ ይላል፣ እጅግ አልፎ አልፎ። ከዚያ ቀስ በቀስ «ሁንድ»ን ገፍቶ ቦታውን ያዘ፤ «ሃውንድ» ዛሬ የአደን ውሻ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ዘመድ የሚሆነው ቃል በሌሎቹ የጀርመን ወገን ቋንቋዎች ውስጥ ተፈልጎ አልተገኘም። መዝገቡ ምንጩ አይታወቅም ብሎ ያልፋል። ስፔኖችም ውሻን «ፔሮ» ይሉታል፤ የሱም ምንጭ እንዲሁ አይታወቅም።