ከባሕር ወለል እስከ ቀይ አፈር፦ የጎጃም መሬት ታሪክ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኝ የሚያየው ቀይ አፈርና ጥቁር ድንጋይ ምንጩ አንድ ነው፤ እሱም እሳተ ገሞራ ነው። ይሁን እንጂ የጎጃም መሬት ታሪክ በእሳት አልተጀመረም። ከእሳቱ በፊት ባሕር ነበር።

ይህን ቅደም ተከተል በግልጽ የምናየው በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ባለው የዓባይ ሸለቆ ነው። ቁልቁል ስንወርድ በመጀመሪያ ባዛልት፣ ቀጥሎ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያም የኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ጂፕሰምና ሌላ ደለል፣ በመጨረሻም ሌላ የአሸዋ ድንጋይ እናገኛለን። ደለል ከታች ወደ ላይ የሚከማች በመሆኑ የታችኛው ንብርብር በዕድሜ ይቀድማል። የኖራ ድንጋዩ ከ200 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረው የጁራሲክ ዘመን ባሕር ምድሩን አጥለቅልቆ ሳለ የተከማቸ ነው።

ባሕሩ ካፈገፈገ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ቅልጥ ዓለት በመሬት ስንጥቆች እየወጣ ደለሉን ሸፈነው። የጮቄ ተራራም ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዚሁ ወለል ላይ የተገነባ እሳተ ገሞራ ነው።

ይህ ዕድሜ እንዴት ታወቀ? በዓለቱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም-40 ቀስ በቀስ እየፈረሰ በከፊል ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ዓለቱ ቅልጥ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ሲረጋ ግን ታምቆ ይቀራል። የፖታሲየም-40 ግማሽ ዕድሜ 1.25 ቢሊዮን ዓመት በመሆኑ፣ በ30 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ የሚፈርሰው ከ100 አተሞች 2 እንኳ አይሞላም። ሆኖም ይህችን ጥቂት መጠን መለካት እንችላለን።

ነገሩ ከገበሬው ማሳ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ባዛልት ሲፈጠር በካልሲየምና በማግኒዚየም የበለጸገ ነው። ነገር ግን የምዕራብ ጎጃም ብርቱ ዝናብ ድንጋዩን ወደ አፈር ሲለውጥ እነዚህን ማዕድናት አጥቦ ይወስዳቸዋል፤ በየዓመቱ የሚታጨደው ሰብልም ድርሻውን ይዞ ይሄዳል። ብረት አፈሩን ቀይ ያደርገዋል፤ ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ደግሞ አሲዳማ ያደርጉታል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየሙ እየሟሟ የገብስን፣ የስንዴንና የባቄላን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረስም ለተክሉ እንዳይደርስ ይታሰራል። በዚህ ጊዜ ማዳበሪያ ቢጨመርም ምርቱ የድካም ዋጋ አይሆንም።

ለዚህ ከታወቁት መፍትሔዎች አንዱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። በውስጡ ያለው ካልሲየም ካርቦኔት አሲዱን ያከሽፋል፤ የታጠበውን ካልሲየምም ይመልሳል። በመሆኑም ዝናብ ከእሳተ ገሞራው መሬት ላይ የወሰደውን፣ የጥንቱ ባሕር ከሥሩ አስቀምጦልናል ማለት እንችላለን። የሚቀረው ድንጋዩን ፈጭቶ፣ አፈሩን በቅድሚያ መርምሮ፣ የሚበቃውን መጠን ለማሳው ማድረስ ነው።