የዓይን ሊምፎማ፦ ብርቅ ነው ወይስ ያልተቆጠረ?

ጀልዴሳ በአንድ ወቅት ሁሉ ነገር የሚቆጠርባት ቦታ ነበረች። ከዘይላ ወደብ ተነስቶ ወደ ሐረር የሚወጣ ሲራራ ነጋዴ እዚያ ሳያርፍና ቀረጥ ሳይከፍል አያልፍም ነበር። ግመሉም ጭነቱም ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ግን ንግዱ ወደ ሐዲዱ ዞረ። ዛሬ ጀልዴሳ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች የገጠር መንደር ነች።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዛሬም የምናወራው ስለ ቆጠራ ነው። የዓይን ሊምፎማ በአገራችን ምን ያህል ሰው ይይዛል? የጀልዴሳ ሰውስ ቢታመም ከቁጥሩ ይገባል ወይ?

ሊምፎማ በሽታን ከሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ነው። ብዙ ጊዜ በአንገት፣ በብብት ወይም በብሽሽት ንፍፊት ሆኖ ይታያል። አንዳንዴ ግን ዓይን ላይ ይወጣል። በዓይን ሽፋን ላይ ሥጋ መሰል ሮዝ እብጠት ይሆናል፣ ወይም ከበስተኋላ ሆኖ ዓይንን ወደ ፊት ይገፋል። ዓይን ውስጥ የሚገባው ደግሞ አታላይ ነው፤ ተራ የዓይን መቆጣት ይመስላል። በስቴሮይድ ለጊዜው ሻል ይልና ተመልሶ ይመጣል።

በጠቅላላው የአዛውንቶች በሽታ ነው። ልጆችን የሚይዝ ግን አለ። ወባ በሚበዛባቸው የአፍሪካ አካባቢዎች የሚታወቀው በርኪት ሊምፎማ የልጆችን መንጋጋና የዓይን ጉድጓድ ያሳብጣል። ዕድገቱ በጣም ፈጣን ነው፤ መድኃኒት ግን ይሰማል።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ዴንማርክ ከ1943 ጀምሮ የመላ አገሪቱን ካንሰር ትመዘግባለች። አምስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባላት በዚያች አገር ከ1980 እስከ 2005 በዓይን ዙሪያ የወጣ ሊምፎማ የተገኘባቸው 228 ሰዎች ነበሩ። በዓመት ዘጠኝ ሰው ገደማ ማለት ነው። በሽታው በእርግጥም ብርቅ ነው።

ይህን ቁጥር አባዝቶ ለእኛ ማድረግ ግን አይቻልም። የእኛ ሕዝብ አብዛኛው ወጣት ነው፤ ወባውም፣ ኤች አይ ቪውም፣ የሕክምናው ርቀትም የተለየ ነው።

እኛስ ምን አለን? እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው ደግሞ በትራኮማ ነው። ትልቅ ሥራ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ጥናት ዓይን አየ ወይስ አላየ ብሎ ይጠይቃል እንጂ ብርቅ ካንሰርን አይለቅምም።

ካንሰርን በነዋሪ ደረጃ የሚመዘግበው የአዲስ አበባ ካንሰር መዝገብ ነው፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቋመ። መዝገቡ የሚቆጥረው ግን የአዲስ አበባን ነዋሪ ነው። የጀልዴሳ እናት ታማ አዲስ አበባ ድረስ ብትሄድና ብትታከም እንኳ በከተማዋ ነዋሪዎች ስሌት ውስጥ አትገባም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ግምት በበኩሉ «ዓይን» የሚል ረድፍ የለውም፤ የዓይን ሊምፎማ በጅምላ ከሌላው ሊምፎማ ጋር ይደመራል።

ዋናው ችግር ግን ከመዝገቡ በፊት ነው። አንድ ሰው እንዲቆጠር መጀመሪያ በሽታው ስም ማግኘት አለበት። ስም የሚሰጠው ደግሞ ፓቶሎጂስት ነው፤ ከእብጠቱ ትንሽ ናሙና ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ድሬዳዋ፣ ምናልባትም ወደ ሐረር ወይም አዲስ አበባ። እያንዳንዱ እርከን የትራንስፖርት ገንዘብ፣ የአልጋ ኪራይና የአስታማሚ ቀን ይፈልጋል። ከመንገዱ የቀረ ሰው ሕክምናውንም ያጣል፣ ከቁጥሩም ይጎድላል። ቁጥሩ ሲያንስ ደግሞ «ይሄ በሽታ እኛ ጋ የለም» ይባላል፤ መድኃኒቱም ባለሙያውም በዚያው ልክ ይመደባል። እንዲህ ነው ነገሩ የሚዞረው።

የሚያሳዝነው፣ በዓይን ዙሪያ የሚወጣው በብዛት ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት መሆኑ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት በጨረር ሕክምና በደንብ ይድናል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

እንግዲህ ከእኛ የሚጠበቀው ይህ ነው። ከሳምንታት በላይ የቆየ ሥጋ መሰል እብጠት፣ ወደ ፊት የወጣ ዓይን፣ በጠብታ ተሽሎት ደግሞ የተመለሰ ብዥታ ካለ «ዓይን ነው፣ ይለፈኝ» ብሎ መተው አይገባም። የልጅ ብሌን ውስጥ ነጭ ነገር ከታየም ወይም መንጋጋው በቀናት ውስጥ ካበጠ ዛሬ ነገ አይባልም። ናሙና ከተወሰደ ውጤቱን ጠይቁ፤ ወረቀቱንም አትጣሉት። መንግሥትም የካንሰር ምዝገባውን ከአዲስ አበባ አውጥቶ ወደ ምሥራቁ ማድረስ አለበት።

ድሮ ጀልዴሳ ላይ ሳይቆጠር የሚያልፍ ጭነት አልነበረም። ያን ያህል ትኩረት ለሰው ዓይን ቢሰጥ ይበዛበታል?