ሬክና ትሬል፦ ሞተር ሳይክል ሲቀየር ጠባዩም ለምን ይቀየራል?

በሰሜን ምዕራብ ለንደን፣ ኖርዝ ሰርኩላር ሮድ ዳር ኤስ ካፌ የሚባል ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1938 ሲከፈት የመንገደኞች ማረፊያ ነበር፤ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ግን ሞተራቸውን በእጃቸው የሚቀይሩ ወጣቶች መናኸሪያ ሆነ። በዚያ ዘመን ስሙ የገነነው ቅይር ሞተር “ትራይተን” ነው፤ የትራያምፍ ሞተር በኖርተን “ፌዘርቤድ” ሻንሲ ላይ ተገጥሞ የተሠራ። ይህ ሻንሲ በ1950 ለውድድር በወጣ በዚያው ዓመት ጂኦፍ ዱክ በማን ደሴት ሲኒየር ቲቲን አሸንፎበታል። ወጣቶቹ የገባቸው ነገር ቀላል ነበር፤ ፍጥነት ከሞተሩ ይመጣል፣ መታዘዝ ግን ከሻንሲው ነው።

ዛሬም ለንደን ውስጥ መቀመጫ የሚያስወርድ፣ ሹካ የሚቀይር፣ የሌላ ሞተር ጎማ የሚገጥም ብዙ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያየው መልኩን ነው። ከመልኩ ጋር አብረው የሚቀየሩት ግን ሬክና ትሬል የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ናቸው።

ሁለቱ ቁጥሮች

ሬክ ማለት መሪው የሚዞርበት ዘንግ ከቀጥታ ቁም መስመር ወደ ኋላ ያጋደለበት ማዕዘን ነው። በዲግሪ ይለካል።

ትሬል ደግሞ ርቀት ነው። የመሪውን ዘንግ በሐሳባችሁ እስከ መሬት አስረዝሙት፤ መሬቱን የሚነካው የፊት ጎማው ካረፈበት ቦታ ቀደም ብሎ ነው። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ትሬል ይባላል።

ጥቅሙን ለማየት የሱፐርማርኬት ጋሪ ግፉ። ትንንሾቹ ጎማዎች ከሚዞሩበት ዘንግ ኋላ እየተጎተቱ ስለሚሄዱ ወደ ገፋችሁበት አቅጣጫ ራሳቸው ይስተካከላሉ። የሞተር ሳይክል የፊት ጎማም እንዲሁ ነው። ትሬል ሲበዛ ሞተሩ ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል፣ ለመታጠፍ ግን ይከብዳል። ሲያንስ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ግን መሪው ይቅበጠበጣል።

ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል? የሻንሲ መሐንዲሱ ቶኒ ፎል በ1980ዎቹ በአንድ ቢኤምደብሊው ላይ ሬኩን ወደ 15 ዲግሪ፣ ቀጥሎም ወደ 0 አውርዶ ሞክሯል፤ ትሬሉን ግን ጠብቆ። ሞተሩ ያለ ችግር ይነዳ ነበር። ዓይን የሚያየው ሬክን ነው፤ እጅ ላይ የሚሰማው ግን በአብዛኛው ትሬል ነው።

በቁጥር እንየው

ስሌቱ ይህ ነው፦ ትሬል = (የጎማ ራዲየስ × ሳይን ሬክ − ኦፍሴት) ÷ ኮሳይን ሬክ። ኦፍሴት የፊት ጎማው አክስል ከመሪው ዘንግ ወደ ፊት የራቀበት ልክ ነው። ራዲየሱ 300 ሚሊ ሜትር፣ ሬኩ 24 ዲግሪ፣ ኦፍሴቱ 30 ሚሊ ሜትር፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1,400 ሚሊ ሜትር የሆነ ሞተር እንውሰድ። ትሬሉ 101 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

• ሹካውን በፕሌቶቹ ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ብታሳልፉት ፊቱ ይወርዳል፤ ሬኩ ወደ 23.25 ዲግሪ፣ ትሬሉ ወደ 96 ይቀንሳል።
• ለመልክ ብላችሁ ኋላውን 30 ሚሊ ሜትር ብታወርዱት ሬኩ ከ25 ዲግሪ ያልፋል፤ ትሬሉ 108 ይደርሳል።
• ራዲየሱ 280 የሆነ የፊት ጎማ ብትገጥሙ፣ ማዕዘኑ ባይነካ እንኳ ትሬሉ ወደ 92 ይወርዳል።
• ሻንሲውን ቆርጣችሁ ሬኩን እንደ ቾፐር 40 ዲግሪ ብታደርሱት ትሬሉ ከ210 ያልፋል። ሞተሩ በሀይዌይ ላይ ጸጥ ይላል፤ በካምደን ጠባብ መንገዶች ግን መሪው ወደ ጎን እየወደቀ ክንድ ያደክማል።

አንድ ወጥመድ አለ። ሹካውን ብቻ ወደ ፊት የሚያጋድሉ ፕሌቶች ይሸጣሉ። ሞተሩ ሲታይ ሬኩ የጨመረ ይመስላል፤ የመሪው ዘንግ ግን ስላልተነካ አክስሉ ወደ ፊት ወጥቶ ትሬሉ ይቀንሳል። ሻንሲው ባልተቀየረ ሞተር ላይ ከተገጠሙ ትሬሉን ሊያጠፉት ይችላሉ፤ እንዲህ ያለ ሞተር በፍጥነት ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ለማቆም ያስቸግራል።

በስልካችሁ ለኩት

ስልክ ውስጥ ያለው አክስሌሮሜትር የመሬት ስበትን አቅጣጫ ስለሚያውቅ ማዕዘን ይለካል። አይፎን ላይ ሜዠር በሚባለው መተግበሪያ ውስጥ ሌቭል አለ፤ ለአንድሮይድም በነጻ የሚወርዱ አሉ።

1. ሞተሩን በደልዳላ ወለል ላይ፣ በሁለቱ ጎማዎቹ ቀጥ አድርጉት፤ አንድ ሰው ይቀመጥበት። ወለሉንም በስልኩ ለኩ።
2. የስልኩን ሽፋን አውልቁና ቀጥ ያለ ጠርዙን በሹካው ቱቦ ላይ አስደግፉ። ከዚያ አዙራችሁ ድገሙትና አማካዩን ውሰዱ። ይህ የሚሠራው ሹካው ከመሪው ዘንግ ጋር ትይዩ ከሆነ ነው።
3. ከአክስሉ ቱንቢ ጣሉና ከወለሉ እስከ አክስሉ መሐል ያለውን ቁመት ለኩ፤ ራዲየሱ እሱ ነው። ኦፍሴቱን ከሞተሩ መመሪያ አግኙትና ስሌቱ ውስጥ አስገቡ።

ስልኩ በ1 ዲግሪ ቢሳሳት ትሬሉ በ6 ሚሊ ሜትር ያህል ይዛባል። ስለዚህ አንዱን ልኬት እንደ ፍርድ አትያዙት፤ ከቅየራው በፊትና በኋላ በአንድ ዓይነት መንገድ ለክታችሁ ልዩነቱን እዩ።

ከመውጣታችሁ በፊት

ዴሊቨሪ የምትሠሩ ወገኖች ይህን ልብ በሉ። ከኋላ የተጫነ ከባድ ሳጥን ኋላውን ያስቀምጠዋል፤ ትሬሉ ቢጨምርም ከፊት ጎማው ላይ ክብደት ስለሚቀንስ መሪው ይቀልላል። የኋላውን ሾክ አብዞርበር ለጭነቱ ማስተካከል ከማንኛውም ቅየራ ይቀድማል።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ለኩ፣ ከዚያ መኪና በሌለበት ሰፊ ቦታ በዝግታ ሞክሩት። ብሪታንያ ውስጥ ቅየራውን ለኢንሹራንሱ ማሳወቅም ግዴታችሁ ነው፤ ካላሳወቃችሁ አደጋ በደረሰ ቀን ካሳው ሊቀርባችሁ ይችላል።