ደም የሚያቆም ማሰሪያ፦ ተረትና እውነታ

ቱርኒኬት ከእጅ ወይም ከእግር የሚፈስን ብርቱ ደም ለማቆም ከቁስሉ በላይ የሚታሰር ማሰሪያ ነው። ሥራው ከሥሩ ያለውን ሥጋ ጨምቆ ደም ቅዳውን መዝጋት ነው። ትልቁ የጭን ደም ቅዳ የተቆረጠበት ሰው አምቡላንስ ከመድረሱ በፊት፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። በማሰሪያው ላይ የተሳሳተ እምነት መያዝ ሰው የሚገድለው በእነዚህ ደቂቃዎች ነው።

ሥር የሰደደው እምነት «የታሰረ እግር መቆረጡ አይቀርም» የሚለው ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው። በቀደሙት ጦርነቶች ቁስለኞች በቀጭን ገመድ ታስረው ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ከረጅም ሰዓታት በኋላ ስለነበር፣ ብዙዎች እግራቸውን አጥተዋል። ዛሬ ግን በአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍሎች የታካሚ እጅና እግር በአየር በሚነፋ ማሰሪያ እስከ 2 ሰዓት ያህል ታስሮ መቆየቱ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ባግዳድ በሚገኝ የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል 428 ቱርኒኬቶች የታሰሩላቸው 232 ቁስለኞች ተጠንተው ነበር። በማሰሪያው ምክንያት ብቻ እጁን ወይም እግሩን ያጣ አልተገኘም፤ 4 ሰዎች ላይ የታየው የነርቭ መድከምም ጊዜያዊ ነበር።

ይኸው ጥናት «ቱርኒኬት ሌላው ሁሉ ሲያቅት የሚሞከር የመጨረሻ አማራጭ ነው» የሚለውንም አስተሳሰብ አፍርሷል። በደም መፍሰስ ብዛት ሰውነታቸው ሾክ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከታሰረላቸው ቁስለኞች 90 በመቶው ሲተርፉ፣ ከገባ በኋላ ከታሰረላቸው የተረፉት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ያለፈ ደም በማሰሪያ አይመለስም። ይህ ማለት ግን ደም በታየ ቁጥር ማሰር አይደለም። አብዛኛው ቁስል በንጹሕ ጨርቅና በእጅ መዳፍ ጠንከር ተደርጎ ሲጫን ደሙ ይቆማል። ማሰሪያው የሚያስፈልገው ደሙ እየተፈናጠረ ሲወጣ፣ መሬት ላይ ሲጠራቀም፣ በተጫነው ጨርቅ ውስጥ እያለፈ አልቆም ሲል ወይም እጅ ወይም እግር ሲቆረጥ ነው።

«ሥጋው እንዳይሞት በየጊዜው ላላ ማድረግ ያስፈልጋል» የሚለው ምክር በድሮ የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርቶች ሳይቀር ይሰጥ ነበር። ምናልባትም ከሁሉ አደገኛው እርሱ ነው። በላላ ቁጥር መርጋት የጀመረው ደም ተገፍቶ ይወጣል፤ የቁስለኛው ደም ጥቂት በጥቂት እየፈሰሰ ያልቃል። የታሰረ ማሰሪያ ሐኪም እስኪደርስ አይነካም፤ የታሰረበት ሰዓት ግን በማሰሪያው ላይ ወይም በቁስለኛው ግንባር ላይ መጻፍ አለበት። ከ2 ሰዓት በኋላ የጡንቻና የነርቭ ጉዳት እየጨመረ ይሄዳል፤ 6 ሰዓት ካለፈ ደግሞ መፍታቱ ራሱ ለሕይወት አስጊ ነው። በዩክሬን ጦርነት ቁስለኛን ከግንባር ማውጣት ሲዘገይ፣ ሳያስፈልግ የታሰሩና ለረጅም ሰዓት የቆዩ ማሰሪያዎች እጅና እግር አስቆርጠዋል። ስለዚህ የሠለጠኑ የሕክምና ባለሙያዎች በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ውስጥ ቁስሉን ዳግም አይተው፣ ከተቻለ ማሰሪያውን በሚጭን ፋሻ እንዲተኩት ይመከራል።

«ቀበቶም፣ ሲባጎም ይበቃል» የሚለው እምነት በፊልም የጸና ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በቦስተን ማራቶን የቦምብ ፍንዳታ በቦታው የታሰሩት 27 ቱርኒኬቶች ሁሉ ከተገኘው ዕቃ የተሠሩ ነበሩ፤ ቀዶ ሐኪሞችም ከዚያ በኋላ ነው ለሥራው የተዘጋጀ ማሰሪያ በሕዝብ እጅ እንዲገባ አጥብቀው የወተወቱት። ቀበቶ ወፍራምና ግትር ስለሆነ ተጠማዞ አይጠብቅም። ሲባጎ ሥጋና ነርቭ ይጎዳል፤ ማሰሪያው በጠበበ መጠን ደሙን ለመዝጋት የሚያስፈልገው ግፊት ይጨምራልና። በግማሽ የጠበቀ ማሰሪያ ደግሞ ካለመታሰር ሊብስ ይችላል፦ ደም ወደ ልብ የሚመለስበትን ደም መልስ ዘግቶ ደም ቅዳውን ክፍት ይተወዋል፤ እግሩ ያብጣል፣ መድማቱም ይጨምራል። ሌላ ከጠፋ ሰፋ ያለ ጨርቅ አስሮ ጠንካራ ዱላ በቋጠሮው ውስጥ ማስገባትና ደሙ እስኪቆም ማጠማዘዝ ይሻላል። ያለ ዱላ፣ በእጅ ጉልበት ብቻ፣ በቂ ግፊት ማግኘት የማይቻል ያህል ነው።

ቱርኒኬቶችን ለማወዳደር ሲነሣ የሚሰማው «ጠንካራ የሚመስለው ይበልጣል» የሚል ግምት ነው። ትክክለኛው መመዘኛ ከማሰሪያው በታች ያለው የደም ትርታ መጥፋቱ ነው፤ ይህም በዶፕለር መሣሪያ ይለካል። ከዚያ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ፣ የተጎዳው ሰው ራሱ በአንድ እጁ ሊያስረው መቻሉ፣ በጭቃና በደም ርሶ መሥራቱ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ የአሜሪካ ጦር የቀዶ ሕክምና ምርምር ተቋም ፍተሻ ደም ፍሰቱን በሁሉም ተፈታኞች ላይ ያቆሙት ሦስት ነበሩ፦ ካት እና ሶፍት የተባሉት ባለ ማጠንጠኛ ዘንግ ማሰሪያዎችና ኢኤምቲ የተባለው በአየር የሚነፋው። ባግዳድ ላይ በእውነተኛ ቁስለኞች ሲታዩ ግን ኢኤምቲ በ92፣ ካት በ79፣ ሶፍት በ66 በመቶ ሠርተዋል። በቤተ ሙከራ እኩል የነበሩት በሜዳ ተለያዩ። ኢኤምቲ ሰፊ በመሆኑ ቢያሸንፍም፣ ግዙፍና ሊበሳ የሚችል ስለሆነ በወታደር ኪስ የተለመደው ካት ነው። የካት አስመስሎ ሥሪቶች በገበያ ላይ ሞልተዋል፤ ሲጠብቁ ዘንጋቸው የሚጎብጥ ወይም የሚሰበር ስለሆነ ርካሽነታቸው ሊያታልል አይገባም።

«ከጉልበት በታችና ከክርን በታች ሁለት አጥንት ስላለ አይሠራም» የሚለውም ልክ አይደለም፤ በትክክል ከጠበቀ እዚያም ይሠራል። ከቁስሉ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰራል፤ በመገጣጠሚያ ላይ ግን አይታሰርም። ቁስሉ በልብስ ከተሸፈነና የት እንዳለ ካልታወቀ፣ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክና ቁልፍ ወጥቶ በጭኑ ወይም በክንዱ የላይኛው ጫፍ ላይ ይታሰራል። ደሙ ካልቆመ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጎን፣ ወደ ላይ ይጨመራል። ቁስለኛው ከሕመሙ ብዛት «ፍቱልኝ» ማለቱ የስህተት ምልክት አይደለም፤ በትክክል የታሰረ ቱርኒኬት በጣም ያማል። በብሽሽት፣ በብብትና በአንገት ላይ ግን ማሰሪያው ቦታ የለውም፤ እዚያ የሚያድነው ቁስሉን በጨርቅ ጠቅጥቆ መጫን ነው።

በኢትዮጵያ ገጠር ማሰሪያ በብዛት የሚታሰበው ለእባብ ንክሻ ነው፤ ያ ግን የማይገባው ቦታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የተነከሰን እጅ ወይም እግር አጥብቆ ማሰርን አይመክርም። የእፉኝት መርዝ የተነከሰውን ሥጋ የሚያበሰብስ ስለሆነ ደሙን መዝጋት ጉዳቱን እዚያው ያከማቸዋል፤ ሲፈታም መርዙ በድንገት ወደ ሰውነት ሊለቀቅ ይችላል። የተነከሰው ሰው ቀለበትና አምባሩ ወልቆለት፣ የተነከሰው እጅ ወይም እግር ሳይንቀሳቀስ፣ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።