ነጥቦቹ ተሻገሩ፤ ፊደሉስ?

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። ይህችን አጭር ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ፣ ዐይነ ስውራን ወገኖቻችን ለዓመታት የጻፉት ማስታወሻ በአሮጌ የብሬል መሣሪያዎች ውስጥ ታስሮ መቅረቱ ነው። «ወደ ኮምፒውተር ገልብጥልኝ» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። መገልበጡስ ይገለበጣል፤ ችግሩ የሚመጣው ፋይሉ ሲከፈት ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የብሬል ቅርጽ በ6 ነጥቦች የሚሠራ ሲሆን፣ ባዶውን ጨምሮ 64 ዓይነት ነው። መሣሪያው እያንዳንዱን ቅርጽ በአንድ የላቲን ፊደል፣ ቁጥር ወይም ሥርዓተ ነጥብ ወክሎ ያስቀምጠዋል። በእንግሊዝኛ አኅጽሮተ ብሬል «ዘ» የተባለችው ቃል አንድ ቅርጽ ብቻ ስላላት፣ በኮምፒውተር ላይ ቃለ አጋኖ ሆና ትታያለች። ይህን ያየ ሰው ፋይሉ የተበላሸ መስሎት ይሰርዘዋል። ፋይሉ ግን ደኅና ነው፤ የተሻገረው ፊደሉ ሳይሆን ነጥቡ ነውና።

ወደ አማርኛ ስንመጣ ሌላ ጣጣ አለ። በፊደላችን «ሉ» አንድ ሆሄ ናት፤ በብሬል ግን ተነባቢው ለብቻ፣ አናባቢው ለብቻ ይጻፋል። መሣሪያው ደግሞ የሚያውቀው እንግሊዝኛን ብቻ ከሆነ፣ የአማርኛውን ነጥቦች የእንግሊዝኛ አኅጽሮት አድርጎ ይፈታቸዋል። ያን ጊዜ ጽሑፉ በእርግጥም ይበላሻል። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ከማካተቱ በፊት፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር አማርኛ ስንከፍት ያየነውን ዝብርቅርቅ የምታስታውሱ ነገሩ አይጠፋችሁም።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ምንም ከመነካቱ በፊት ሁሉም ፋይል እንዳለ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። አንዳንድ ጥንታዊ መሣሪያዎች ማኅደራቸው በባትሪ የሚጠበቅ ስለሆነ ባትሪው ሲሞት ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። በሲሪያል ገመድ የሚያስተላልፉት በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት የፍጥነት ልክ ይፈልጋሉ። በዊንዶውስ ሲኢ የሚሠሩት በአክቲቭሲንክ ይገናኙ ነበር፤ እሱ በዛሬው ዊንዶውስ ላይ ስለሚያስቸግር፣ መሣሪያው የሚቀበል ከሆነ በማኅደረ ካርድ ወይም በዩኤስቢ ማውጣት ይቀላል።

ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛው በመሣሪያው ላይ እንዳለ ወደ ተራ ጽሑፍ ተቀይሮ ይውጣ። የአማርኛው ግን ተቃራኒ ነው፤ ሳይፈታ፣ ነጥቡ እንዳለ፣ ቢአርኤፍ በተባለው ቅርጸት ይውጣ።

ሦስተኛ፣ የአማርኛው ፍቺ በኮምፒውተር ላይ ይከናወን። ሊብሉዊ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር የኢትዮጵያን ብሬል ሰንጠረዥ ይዟል። ውጤቱ በዩኒኮድ ከተቀመጠ በኋላ ኤንቪዲኤ የተባለው ነጻ የስክሪን አንባቢ ያነበዋል፤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ አማርኛም ይናገራል።

አራተኛውና ዋናው፣ ባለቤቱ ከጎናችን ይሁን። እያንዳንዱ ጸሐፊ ለራሱ ያበጀው ምሕጻረ ቃል አለው፤ ያንን የሚፈታ ሶፍትዌር የለም። ባለቤቱ እያዳመጠ ያርመው።

የዐይናማ ምሁር ማስታወሻ ቢያንስ በካርቶን ተጠርዞ ለልጆቹ ይተርፋል። የዐይነ ስውሩ ግን መሣሪያው በሞተ ቀን ያከትማል። በየከተማችን ካሉት ባለሙያዎች አንዳችን አንዲት ቅዳሜ ብንሰጥ የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ይድናል። የሚሻለው ባትሪውም ባለቤቱም ሳሉ መጀመር ነው።