ሐዲዱም ሽቦ ነው

የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ሁሉ የሚያውቁት ብስጭት አለ። ባቡሩ ከጣቢያው በደህና ይነሣል፤ ድልድዩን ይሻገራል፤ ከዋሻው ማዶ ካለችው ኩርባ ሲደርስ ግን እየደከመ ሄዶ ቀጥ ይላል። በጣት ነካ ሲያደርጉት ጉዞውን ይቀጥላል። በሚቀጥለው ዙር እዚያችው ኩርባ ላይ ደግሞ ይቆማል። ጀማሪ ከሆነ ካቻቢቴ አንሥቶ የሎኮሞቲቩን ሞተር መፍታት ይጀምራል። ልምድ ያለው ግን ባቡሩን አይነካውም፤ የቮልት መለኪያ ቴስተሩን ይዞ ሐዲዱ የተዘረጋበት ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ባቡሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ጥፋቱ የቦታው እንጂ የባቡሩ አይደለማ!

ሞዴል ባቡር እውነተኛው ባቡር በልኩ ተቀንሶ የሚሠራበት፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ሽማግሌ ሳይቀር ዕድሜውን የሚፈጅበት ሙያ ነው። ጀርመን ውስጥ ጎፒንገን ከተማ የሚገኘው ሜርክሊን እ.ኤ.አ. በ1859 የቆርቆሮ የአሻንጉሊት ዕቃ በመሥራት ጀምሮ በ1891 የላይፕሲግ ንግድ ትርዒት ላይ ባቡሩን ከነሐዲዱ አቀረበ። በ1935 ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋውን ትንሹን የኤሌክትሪክ ባቡር አወጣ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ልክ 1 ለ87 ነው፤ 20 ሜትር ርዝመት ያለው ፉርጎ 23 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርም ሆነ አዲሱ የጅቡቲ መስመር የሚሄዱበት 1435 ሚሊ ሜትር የሐዲድ ስፋት ለ87 ሲካፈል 16.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ የሞዴሉ ሐዲድ ስፋትም ይኸው ነው። የድሮውን የለገሃር ባቡር በዚሁ ልክ መሥራት የሚፈልግ ግን የ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ መፈለግ አለበት፤ ያ መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ነበር።

ተራራውን፣ መንደሩንና ዛፉን የሚሠሩት ሰዎች ጭብጨባውን ይወስዳሉ። እኔን የሚገርሙኝ ግን ጠረጴዛው ሥር ተጋድመው የሚውሉት ናቸው። በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው የሞዴል ባቡር ክበብ ለሲግናልና ለኃይል ብቻ የቆመ ንዑስ ኮሚቴ ነበረው። ተማሪዎቹ የስልክ ማቀያየሪያ ሪሌዎችን እየሰበሰቡ በሽቦ አያይዘው ባቡሮቹን የሚቆጣጠር ውስብስብ መረብ ዘረጉ። ከክበቡ ልጆች ብዙዎቹ በኋላ ወደ ኮምፒውተር ተሻገሩ፤ ከቀደምት የኮምፒውተር ጨዋታዎች አንዱ የሆነውን የ1962ቱን ስፔስዋር የጻፈው ስቲቭ ራስልም ከዚያው ክበብ የወጣ ነው።

እንግዲህ ጠረጴዛው ሥር ያለውን ነገር ለመረዳት አንድ ነገር መያዝ ይበቃል፤ ሐዲዱ መንገድ ብቻ ሳይሆን ሽቦም ነው። ትልቁ የኤሌክትሪክ ባቡር ኮረንቲውን ላይ ከተዘረጋው መስመር ተቀብሎ በሐዲዱ በኩል ይመልሳል። በተለመደው ሞዴል ባቡር ግን አንደኛው ሐዲድ ፖዘቲቭ፣ ሌላኛው ኔጌቲቭ ነው። ኮረንቲው በአንዱ ጎን መንኮራኩር ይገባል፣ ሞተሩን ያዞራል፣ በሌላው ጎን መንኮራኩር ይወጣል። ቮልቱ እስከ 12 ከፍ ሲል ባቡሩ ይፈጥናል፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ሲለዋወጡ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ ሐዲድ የሚዘረጋ ሰው ሳያውቀው የኤሌክትሪክ ሥራ እየሠራ ነው። ሐዲዶቹን የምታያይዘው ትንሽ ብረትም የሽቦ መቀጠያ ናት፤ ያውም ደካማ መቀጠያ።

ከዋሻው ማዶ የምትደክመው ባቡር ምስጢርም እዚህ ላይ ነው። ሐዲዱ የሚሠራበት የኒኬል፣ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ኮረንቲን በማስተላለፍ ከንጹሕ መዳብ ከአሥር እጥፍ በላይ ይሰንፋል። በዚያ ላይ መቀጠያዎቹ ይላላሉ፣ ይዝጋሉ። በመንገዱ ላይ ያለው የመቀጠያ ሁሉ እንቅፋት ተደማምሮ 3 ኦም ቢደርስና ባቡሩ 1 አምፔር ቢስብ፣ ከ12ቱ ቮልት 3ቱ መንገድ ላይ ቀሩ። ማታ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ የቤታችን አምፖል የሚደበዝዘው በዚሁ ሕግ ነው።

ብዙዎች የሚሸወዱት ደግሞ በምርመራው ላይ ነው። ባቡሩን አንሥተው፣ ቴስተሩን ኩርባዋ ላይ ቢያሳርፉ 12 ቮልት ሙሉውን ያሳያቸዋል። «ሐዲዱ ደህና ነው» ብለው ተመልሰው ሞተር ይፈታሉ። ቴስተሩ አልዋሸም። እሱ ራሱ የሚስበው ኮረንቲ ከምንም ስለማይቆጠር መንገድ ላይ የሚቀር ቮልት የለም። ሐዲዱ ሲሠራ እንጂ ሲያርፍ አይመረመርም። መላው ቀላል ነው፤ የመኪና የፍሬን አምፖል፣ 12 ቮልት 21 ዋት የሚለውን፣ ሁለት ሽቦ በይደው ሐዲዱ ላይ ያሳርፉት። ይህ አምፖል በሙሉ ቮልት 1.75 አምፔር ያህል ይስባል። ለሐዲዱ ኮረንቲ በሚሰጠው ትራንስፎርመር አጠገብ ቦግ ብሎ ኩርባዋ ላይ ከደበዘዘ ጥፋተኛው ተገኘ። አምፖሉ እንደበራ ቴስተሩን በእያንዳንዱ መቀጠያ ግራና ቀኝ ቢያሳርፉ ቮልቱን የሚበላው የትኛው እንደሆነ በቁጥር ይነግራል።

መድኃኒቱ ሐዲዱን ከሽቦነት ሥራው ማሳረፍ ነው። ጠረጴዛው ሥር ከዳር እስከ ዳር ሁለት ወፈር ያሉ የመዳብ ሽቦዎች ይዘረጋሉ፤ ለአንድ ክፍል የሚሆን ጠረጴዛ የቤት ሶኬት የሚዘረጋበት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ያጠግባል። ከእነዚህ በየሜትር ወይም በየሁለት ሜትሩ ቀጫጭን ሽቦ ወደ ላይ ወጥቶ ሐዲዱ ላይ በሶልደር ይበየዳል። ቀለሙ አንዴ ከተመረጠ እስከ መጨረሻ አይለወጥ፤ የውጭኛው ሐዲድ ቀይ፣ የውስጠኛው ጥቁር እንበል። «ግራና ቀኝ» ብለው የሚሠሩ ግን ይቸገራሉ። ሰው በጀርባው ተጋድሞ ከሥር ሲያይ ግራው ቀኝ ይሆንበታልና ሁለቱን ሽቦ አጋጭቶ ይወጣል።

ሽቦ ሲጋጭ የሚመጣው ኮንታክት ሌላው በሽታ ነው። አንዱን ዓይነት ኮንታክት ሠሪው ራሱ በሐዲድ ቅርጽ ይፈጥረዋል። ባቡሩ ዞሮ በመጣበት መስመር እንዲመለስ በቀለበት የሚታጠፍ ሐዲድ ሲሠራ፣ አንደኛውን ሐዲድ በጣት እየተከተሉ ቢሄዱ ዞሮ ከሌላኛው ጋር ይገጥማል። ፖዘቲቭ ከኔጌቲቭ ተገናኘ ማለት ነው። በዐይን ግን አንዳች ስሕተት አይታይም፤ ሐዲዱ አምሮ ተገጥሟል። መፍትሔው ከቀለበቱ ውስጥ ከረጅሙ ባቡር የሚረዝም ቁራጭ በሁለቱም ጫፍ፣ ሁለቱንም ሐዲድ ቆርጦ መለየትና ለዚያ ቁራጭ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን የሚያለዋውጥ ማብሪያ ማበጀት ነው። የሜርክሊን የ1 ለ87 ባቡሮች ይህ ችግር የለባቸውም። እዚያ ሁለቱም ሐዲዶች አንድ ወገን ሲሆኑ ሌላው ወገን በመካከላቸው በተደረደሩ ጥቃቅን የብረት ነጥቦች ይመጣል። ለውበት የሚጨነቁ ነጥቦቹን አይወዷቸውም፤ እኔ ግን ለጀማሪ ልጅ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

መስመር መቀየሪያውም ተንኮለኛ ነው። ሁለት ሐዲዶች የሚሰናሰሉበት ሹል ብረት፣ ባቡሩ ወደ ግራ ሲሄድ የአንዱ፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ የሌላው ወገን መሆን አለበት። አንዳንድ ፋብሪካዎች ከጣጣው ለመገላገል ፕላስቲክ ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ ትንንሽ ሎኮሞቲቮች እዚያ ላይ ኮረንቲ አጥተው ይቆማሉ። ቆሻሻን ደግሞ አንርሳ። ጥቁር ቅባት የያዘ ሐዲድ በአይሶፕሮፒል አልኮልና በጨርቅ ይጸዳል። በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍጉት ሰዎች የቆሻሻ ማደሪያ ጭረት ነው የሚያበጁለት።

ጥፋቱ የት እንዳለ ጨርሶ ካልታወቀ በግምት መነካካት ያባብሰዋል። መጀመሪያ ባቡሮቹ በሙሉ ከሐዲዱ ይነሡ፤ ሞተር ራሱ ኮረንቲ አሳላፊ ስለሆነ ሐዲድ ላይ እያለ ቴስተሩ የሌለ ኮንታክት ይጮኻል። ባቡሮቹ ሲነሡ ኮንታክቱ ከጠፋ ነገሩ የሐዲዱ አይደለም። ካልጠፋ የጠረጴዛውን ግማሽ ሽቦ ይንቀሉ። በቀረው ግማሽ ላይ ካለ እሱን እንደገና ለሁለት ይክፈሉ፤ ከሌለ የተነቀለውን። አሥራ ስድስት ክፍል ያለው መስመር በአራት ፍተሻ ያልቃል። ሽቦው ላይ ስም መለጠፍና ደብተር መያዝ የሰነፍ ሥራ የሚመስላቸው አሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የገዛ ሽቦአቸውን የማያውቁት እነዚሁ ናቸው።

ዲጂታሉ ዘዴ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ወዲህ ተስፋፍቷል። መሠረቱ የጀርመኑ ሌንዝ ኩባንያ ሥራ ነው፤ መለኪያውን ያጸደቀው የአሜሪካው ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር። እዚህ ላይ ሐዲዱ ኃይልም ትእዛዝም ይሸከማል፤ ኮረንቲው በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየተገለባበጠ ለእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ በቁጥሩ ይናገራል። አዲስ ሎኮሞቲቭ እንደ ደንቡ ከፋብሪካ ሲወጣ ቁጥሩ 3 ነው፤ አልንቀሳቀስ ካለ በቅድሚያ ይህ ይጠየቅ። ዲጂታሉ ኃይሉ ብርቱ ስለሆነ የሽቦው መወፈር እዚህ የደህንነት ጉዳይ ነው። 5 አምፔር በ15 ቮልት 75 ዋት ይሆናል፤ ለጥቃቅን ሥራ የሚያገለግል የሶልደር ማቅለጫ ከዚህ ያነሰ ይበቃዋል። ሙከራው የታወቀ ነው። በየቦታው ሁለቱን ሐዲድ በሳንቲም ያገናኙ፤ መቆጣጠሪያው በቅጽበት መዝጋት አለበት። ካልዘጋ፣ ከሽቦው ቅጥነት የተነሣ ኮንታክት መሆኑ አልታወቀውም፤ ያ ቦታ ወፍራም ሽቦ ሳያገኝ ባቡር አይሂድበት።

ሃምቡርግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተው ሚኒያቱር ቩንደርላንድ ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ዘርግቷል። እዚያም ቢሆን ሕጉ ያው ነው። ለመጀመር አንድ ክብ ሐዲድ፣ አንድ ሎኮሞቲቭና አንድ ቴስተር ይበቃል፤ ቴስተሩን ከሁለተኛው ሎኮሞቲቭ በፊት ይግዙ። ከትራንስፎርመሩ ወዲህ ያለው ቮልት ዝቅተኛ ነውና ሳይፈሩ ይሞክሩ። ከትራንስፎርመሩ ወዲያ ግን 220 ቮልት አለ፤ ሳጥኑ ከተበላሸ አይክፈቱት፣ ይቀይሩት።