ቤታችንን የሚጠብቀው ካሜራ ማን ይጠብቀዋል?

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። በልጄ ክፍል አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እያጠባኋት ነበር። ባለቤቴ ተኝቷል። የሁለታችንም ስልክ ሳሎን ቻርጅ ላይ ነው። ቁምሳጥኑ ላይ የተቀመጠችው ትንሽ ካሜራ በድንገት ድምፅ አሰማችና ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

ይህች ካሜራ ከስልክ ካልታዘዘች አትዞርም፤ እንቅስቃሴን ተከትላ በራሷ እንድትዞር የሚያደርገውን ማስተካከያም አልከፈትነውም። ታዲያ ማን አዞራት? ነጠላዬን ስቤ ልጄንም ራሴንም ሸፈንኩ። ከዚያም ተነስቼ ሶኬቱን ነቀልኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።

ካሜራዋን የገዛነው የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ነው። እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም ልጄን ለሞግዚት ትቼ ቢሮ ስውል ልቤ ቤት ይቀራል። ማርኬቲንግ ላይ ስለምሠራ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚያባብል ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ “የትም ሆነው ልጅዎን ይዩ” የሚለው ቃል ግን እኔንም አሸነፈኝ። ማስታወቂያው እናት ስልኳን እያየች ስትስቅ ያሳያል እንጂ ሌላ ማን ሊያይ እንደሚችል አይናገርም።

በማግስቱ ነገሩ ተገለጠ። ካሜራዋን የገጠመልን ልጅ አፑን የመዘገበው በራሱ ስልክ ቁጥር ኖሯል። “ጨርሻለሁ እህቴ፣ ይኸው ስልክሽ ላይ ይታያል” ሲለኝ አመስግኜ ሸኘሁት። በአፑ ዓይን ግን የካሜራዋ ባለቤት እሱ ነበር፤ እኔና ባለቤቴ እሱ የጋበዘን እንግዶች ነን። ደውዬ ስጠይቀው ደነገጠ። የብዙ ደንበኞቹ ካሜራ አንድ አፕ ላይ እንደሚታየውና የሌላ ሰው መስሎት እንደነካው ነገረኝ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ለወራት ግን የልጄ ክፍል በአንድ የማላውቀው ሰው ኪስ ውስጥ ነበር።

ከሁሉ ያሳፈረኝ ለሞግዚታችን ስነግራት ነው። እሷ የምትተኛውም ልብሷን የምትቀይረውም እዚያው ክፍል ነው። “እትዬ፣ እኔ እኮ ልጅቷን ብቻ የሚያሳይ መስሎኝ ነው” አለችኝ። ለልጄ ደኅንነት ብዬ የሌላ ሰው ልጅ ገመና ላይ ካሜራ ሰክቼ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳት። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም የእሷ ፊት ነው።

በሌሎች ቤትም ደርሷል

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ከመኝታ ክፍሏ ድምፅ ሰምታ ገባች። በካሜራው ድምፅ ማጉያ የሚያናግራት የማታውቀው ወንድ ነበር፤ “የገና አባት ነኝ” አላት። ወላጆቿ ካሜራውን ካስገጠሙ ገና ጥቂት ቀናቸው ነበር። ሪንግ የተባለው አምራች ኩባንያ የራሱ ሲስተም እንዳልተሰበረ፣ ሰርጎ ገቦች ከሌላ ቦታ ሾልከው የወጡ የይለፍ ቃሎችን እየሞከሩ እንደሚገቡ ተናገረ። ብዙዎቻችን ለኢሜይሉም፣ ለፌስቡኩም፣ ለካሜራውም አንድ የይለፍ ቃል ስለምንጠቀም አንዱ ሲወጣ ሁሉም ይከፈታል።

በ2023 ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይኸው ኩባንያ ሠራተኞቹ የደንበኞችን የግል ቪዲዮ እንዲያዩ በር ከፍቷል ሲል ከሰሰው፤ ኩባንያው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ስጋቱ ከሩቅ ሰርጎ ገብ ብቻ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

አሻንጉሊትም አልቀረም። በ2017 የጀርመን የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት “ካይላ” የተባለችውን ተናጋሪ አሻንጉሊት ከገበያ አገደ። በአቅራቢያ ያለ ማንኛውም ሰው ያለ ምንም የይለፍ ቃል በብሉቱዝ ተገናኝቶ ልጁን ሊያዳምጥና ሊያናግር ይችል ነበር።

“የእኔን ቤት ማን ፈልጎ?” ይሉ ይሆናል። በ2016 “ሚራይ” የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ማንንም መርጦ አልፈለገም። ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ካሜራና ራውተር ሁሉ፣ ከፋብሪካ ይዘዋቸው የመጡትን 60 ያህል የተለመዱ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃሎች እየሞከረ ገባ። እንዲህ የተማረኩት ዕቃዎች በአንድ ላይ ታዝዘው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አስተጓጎሉ። የዕቃዎቹ ባለቤቶች አብዛኞቹ አንዳች ነገር መፈጠሩን አላወቁም።

ዛሬ ማታ ምን ያድርጉ?

የካሜራው ባለቤት ማን እንደሆነ ይመልከቱ። አፑን ከፍተው የተመዘገበበትን ስልክ ወይም ኢሜይል ይዩ። የገጣሚው ከሆነ ከራሱ አፕ ላይ እንዲሰርዘው ያድርጉና በራስዎ ስም እንደ አዲስ ይመዝግቡ። በብዙዎቹ ካሜራዎች ቁልፉን ተጭኖ ወደ ፋብሪካ ይዞታ መመለስ ብቻውን የቀድሞውን ባለቤት አያስወጣም። የሚቀጥለውን ሲያስገጥሙ ደግሞ ምዝገባው በእርስዎ ስልክ፣ በእርስዎ እጅ ይሁን።

የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ። ለካሜራው ሌላ ቦታ ያልተጠቀሙበት ረጅም ቃል ይስጡት። አፑ በስልክዎ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልክ ከሆነ ያንን ይክፈቱ፤ የይለፍ ቃልዎ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው በሩ ላይ ይቆማል።

ራውተሩን አይርሱ። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ብቻ ሳይሆን የራውተሩ ማስተካከያ ገጽ የሚከፈትበት ቃልም አለ፤ በብዙ ቤት እንደመጣ ነው የሚቀረው። ሁለቱንም ይቀይሩ። ራውተርዎ የእንግዳ ዋይፋይ ካለው ካሜራውንና ስማርት ቴሌቪዥኑን እዚያ ላይ ያድርጓቸው፤ ስልክዎና የባንክ አፕዎ በሌላው ይሁኑ።

“አፕዴት” ሲልዎ “በኋላ” አይበሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የተገኘ ቀዳዳ ለመድፈን ነው።

የይለፍ ቃል በቤተሰብ ግሩፕ አይላኩ። ዋሽንግተን ያለው ወንድም የእናቱን ግቢ ማየት ቢፈልግ ችግር የለውም። አፑ “ሼር” የሚል አማራጭ ካለው በዚያ ይጋብዙት፤ ሲያስፈልግም ማስወጣት ይችላሉ።

ቦታውን ይምረጡ። ካሜራ ለበርና ለግቢ ነው። መኝታ ክፍልና ልብስ የሚቀየርበት ቦታ አይገባም። ቤት ውስጥ ካስቀመጡ ለሠራተኛዎም፣ ለእንግዳዎም ይንገሩ።

ሕጉም ከእርስዎ ጋር ነው። በአገራችን ያለፈቃድ የሌላን ሰው ሲስተም መድረስ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ብሪታንያ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በቀላሉ የሚገመት የይለፍ ቃል ይዞ የሚመጣ ዕቃ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ሕግ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ቀድሞ መጠንቀቅ የእኛ ፋንታ ነው።

የእኛ ካሜራ ዛሬ በረንዳ ላይ ሆና የግቢውን በር ታያለች። በእኔ ስም ተመዝግባለች፤ ሞግዚታችንም ምን እንደምታሳይ በእኔ ስልክ ላይ አይታለች። ቁምሳጥኑ ላይ አሁን ያለው የልጄ ድብ ነው። እሱ ደግሞ ኢንተርኔት የለውም።